ጠፍቶ ያልጠፋ ሶኬት

ይህ የደረሰብን ዘንድሮ ነው፤ የረመዳን ጾም ተፈትቶ ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ። ብዙ ሰው «ተይው፣ አትጻፊው፣ ቁስል አትነካኪ» ብሎኛል። የምጽፈው አንድ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሙስጠፋ በዚህ ዓለም ለመጨረሻ ጊዜ የተናገረው ቃል «ጠፍቷል» የሚል ነው። አልዋሸም። ማጥፊያውን ሲጫን እኔም በዓይኔ አይቻለሁ።

የምንኖረው ሐርጌሳ፣ ኮድቡር የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። ቤቱ የኪራይ ነው፤ አሮጌ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ሽቦው ከማናችንም ዕድሜ የሚበልጥ። እናቴ፣ ሙስጠፋና እኔ ሆነን ነበር የምንኖርበት። አገራችን ይሄ ቢሆንም ያደግነው ድሬዳዋ ነው። እናቴ በጦርነቱ ጊዜ ድንበር ተሻግራ ድሬ ገባች፣ እኛን እዚያው ወለደችን፣ ከፍ ስንል ይዛን ተመለሰች። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሶማሊኛውንም አማርኛውንም እንቀላቅለዋለን። ስንጣላ በሶማሊኛ፣ ስንቀልድ በአማርኛ። እናታችንን ግን ሁልጊዜ «ሆዮ» ነው የምንላት፤ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው።

ሆዮ ዓይኗን ጋርዶት የነበረው ሞራ ተገፎላት ነበር። ከዚያ በኋላ ኃይለኛ ብርሃን አልቻለችም። የክፍሏ አምፖል ሲበራ ፊቷን በሻሿ ትሸፍናለች፤ ሲጠፋ ደግሞ እየተደናቀፈች ትወድቃለች። አንድ ቀን ከሽንት ቤት ስትመለስ ወድቃ ክንዷ በለዘ። ሙስጠፋ ያን ቀን ነው ዲመር እናስገባላት ያለው፤ ብርሃኑን እንደ ሬዲዮ ድምፅ ከፍና ዝቅ የምታደርግበት ማዞሪያ። ከአልጋዋ አጠገብ ደግሞ የራሳቸው ማጥፊያ ያላቸው ሶኬቶች ይደረጉላት፣ ሳትነሳ በጣቷ ጠቅ ታደርጋለች አለ። እዚህ አገር ሶኬቱ ሁሉ እንዲያ ነው፤ የእኛ ክፍሎች ግን የድሮ ስለነበሩ ማጥፊያ አልነበራቸውም።

ሠራተኛውን ያገኘችው ሆዮ ራሷ ናት። ገበያ ላይ አንድ ሰው በስልክ አማርኛ ሲያወራ ሰማችና «የየት ልጅ ነህ?» አለችው። «የድሬ» አላት። አበቃ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ኤሌክትሪሺያን አለ ቢሏት የምትሰማ ሴት አይደለችም።

ግርማ ይባላል። ወደ አርባዎቹ የተጠጋ፣ ቀጭን፣ ሲሠራ የሚያፏጭ ሰው ነው። ድሬዳዋ የኤሌክትሪክ ሥራ ሲሠራ ኖሮ እዚህ ከመጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ ዳሚ ሰፈር ውስጥ ከአገሩ ልጆች ጋር ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ሶማሊኛው የገበያ ሶማሊኛ ነው፤ ዋጋ ለመናገርና ሰላም ለማለት ያህል። ሆዮ ሥራ ልታሠራው ያመጣችው አልመስልሽ አለኝ። ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና የድሬን ሰፈር በሙሉ ስትጠይቀው ዋለች። ድሬዎች እንደምታውቁን «እርስዎ» የሚሉት ነገር አይሆንልንም፤ እሱም እናቴን «አንቺ» እያለ፣ እሷም «አቦ ግርማ» እያለች ሲሳሳቁ ውለው ሥራው አለቀ።

ሥራውም ያምር ነበር። ዲመሩን ሲያዞረው ብርሃኑ ቀስ እያለ ወረደ፤ ሆዮ ሻሿን ከዓይኗ ላይ አነሳችና ክፍሏን ዞር ዞር ብላ አየች። ዓይኗ ከታከመ ወዲህ ክፍሏን በደንብ ያየችው ያኔ ነው። ግርማ ሶኬቶቹንም እያበራ እያጠፋ አሳያት። የአልጋዋን ራስ መብራት አንዱ ላይ ሰክቶ «በይ አንቺ ጠቅ አድርጊው» አላት። ጠቅ ስታደርገው ጠፋ። መርቃው ሄደ።

ያቺ የራስጌ መብራት ናት ጣጣ ያመጣችብን።

ዓርብ ነበር፣ ከጁምዓ በፊት። የራስጌው አምፖል ተቃጠለ። ሙስጠፋ ውዱእ አድርጎ እጅ እግሩ ሳይደርቅ ገባና «ሳልሄድ ልቀይርልሽ» አላት። አምፖሉ ጠብቆ ነበርና ሲያዞረው ብርጭቆው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ፤ የናሱ አንገት መያዣው ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ያን በጣቱ ሊያወጣው ነው። የዓይኗ ነገር ስለሆነ በደንብ ያላየችው ሆዮ «ማጥፊያውን ነክተኸዋል?» አለችው። እሱም ጎንበስ ብሎ የሶኬቱን ማጥፊያ ተጫነና «ጠፍቷል ሆዮ» አላት።

ሰው እንዲህ ሲሆን የሚጮህ ይመስላችኋል። አልጮኸም። በባዶ እግሩ ሲሚንቶው ላይ እንደቆመ ድርቅ አለ፣ ከዚያ መብራቱን እንደያዘ ወደቀ። እኔ በር ላይ ነበርኩ። ወደ እሱ አልሮጥኩም፤ ወደ ቆጣሪው ሮጬ ብሬከሩን አወረድኩት። ስመለስ ሆዮ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጭንቅላቱን ታቅፋለች። ጎረቤት መኪና አወጣ፣ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ ብዙ አልደከመም። አንድ ጊዜ አየውና «አላህ ይርሐመው» አለን።

እኛ ዘንድ ቀብር አያድርም። ከሰዓት በኋላ ተቀበረ። ጠዋት ሲያሰጣው ያሾፍኩበት ሸሚዙ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ነበር።

ከቀብር መልስ፣ ኤሌክትሪክ የሚሠራ የአጎቴ ልጅ ሶኬቱን ፈታው። ብሬከሩን መልሶ አንስቶ፣ ማጥፊያው ጠፍቶ እያለ ኃይል መኖሩን የሚያሳየውን ቴስተር ሲያስጠጋው በራ። ቁጢጥ አለ። ከዚያ ጠራኝና አሳየኝ።

እኔም እንደ እናንተው ምንም አላውቅም ነበር፤ እሱ ነው ያስረዳኝ። ኤሌክትሪክ በአንደኛው ሽቦ ይመጣል፣ በሌላኛው ይመለሳል። ማጥፊያ መቁረጥ ያለበት የሚመጣበትን ነው። የሚመለስበትን ከቆረጠ መብራቱ ይጠፋል፣ ኃይሉ ግን እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። ሐርጌሳ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ኃይሉ የሚመጣው በቀዩ ሽቦ ነው፤ ጥቁሩ የሚመለስበት ነው። ግርማ ድሬ ሲሠራበት በኖረው ደግሞ ጥቁሩ ነው የሚያመጣው። ግርማ ማጥፊያውን ሁሉ ጥቁሩ ላይ አድርጎታል። ዲመሩም፣ ሶኬቶቹም እንደዚያው ናቸው። የእኛን ድሬ እዚህ ኮድቡር ግድግዳ ውስጥ ቀብሮልን ሄዷል።

አጎቴ አደን ይህን ሲሰማ እንደ አንበሳ ሆነ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሙስጠፋን እንደ ልጁ ነበር የሚወደው። ወጣቶቹ ግርማን ፍለጋ ዳሚ ወረዱ። እነሱ እዚያ ሲያንኳኩ ግርማ እኛ በር ላይ ቆሞ ነበር። ለለቅሶ ነው የመጣው። ሰው ነግሮታል። ያዩት ሰዎች እዚያው እንዳይደበድቡት አንድ ሽማግሌ ክንዱን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባው።

እዚህ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ አስቀድመው የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። የሟች ወገን በአንድ በኩል፣ ነፍስ ያጠፋው ሰው ወገን በሌላ በኩል ምንጣፍ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣል። የደም ካሳውን፣ ማግ የሚሉትን፣ የሚከፍለው ሰውየው ብቻውን አይደለም፤ ጎሳው ተሰባስቦ ነው። የሚናገርለትም፣ የሚለምንለትም ጎሳው ነው። በማግስቱ ግቢያችን ውስጥ ጥላ ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ። በእኛ በኩል መቀመጫ ጠፋ። በዚያ በኩል ግርማ ብቻውን፣ ጫማውን አውልቆ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ከኋላው ግድግዳ እንጂ ሰው አልነበረም።

ሴቶች ከመጋረጃ ጀርባ ነበርን። ከወንዶቹ አማርኛ የሚሰማ ስላልነበረ እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ እንዳስተረጉም ተጠራሁ። የገዛ ወንድም ገዳይ አፍ መሆን በጠላቴ ላይ እንኳ እንዲደርስ አልመኝም። ፊቱን ላለማየት ያወለቃቸውን ጫማዎች ሳይ ቆየሁ።

የአጎቴ ልጅ መጀመሪያ ጠየቀው። «ሳትሞክር ነው የዘጋኸው?»

«ሞክሬያለሁ» አለ ግርማ። «በአምፖል ነው የሞከርኩት፣ ሁለቱ ሽቦ ላይ አድርጌ። አምፖል ደግሞ ሁለቱ ላይ ከሆነ ይበራል፤ የቱ አምጪ፣ የቱ መላሽ እንደሆነ አይናገርም። ጥቁሩን ሳይ እጄ በልማዱ ሄደ። ስህተቱ የእኔ ነው፤ የማንም አይደለም።»

ተረጎምኩት። አጎቴ አደን ቀጠለ። «ወገንህ የት አለ? ከአጠገብህ የሚቀመጥ ሰው የለህም?»

«የለኝም። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ወሬውን እንደሰሙ ዕቃዬን ሸክፈውልኝ ነበር። ወጃሌ ውረድ፣ ድንበሩን ተሻገር አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተሻገርክም?»

ግርማ «ሌሎችም ቤቶች ስላሉ» አለ።

የገባኝ መስሎኝ አልገባኝም። ቀና ብዬ አየሁት።

«እንደዚህ ቤት አድርጌ የሠራኋቸው ሌሎች ቤቶች አሉ፣ ኢፍራህ። አሮጌ ቤቶች፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ ያላቸው። የቱን በቴስተር እንደሞከርኩ፣ የቱን በአምፖል እንደሞከርኩ አላስታውስም። ሁሉንም መክፈት አለብኝ። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያድርጉኝ በያቸው።»

ይህን ብተረጉመው ሰውየው ከዚህ ግቢ በሕይወት የሚወጣ አልመስልሽ አለኝ። ብተወው ደግሞ፣ የሆነ ቤት የሆነ ሰው ማጥፊያ ተጭኖ «ጠፍቷል» ይላል። ሽማግሌዎቹ ይጠብቃሉ። አጎቴ «ምን አለ?» ይላል። ከመጋረጃው ጀርባ ሆዮ ድምፅዋን ሳታነሳ በአማርኛ ተናገረች። እዚያ ሆና እንደምትሰማን ረስቼው ነበር።

«ያለውን ንገሪያቸው፣ ኢፍራህ። ቃል አትጨምሪ፣ ቃል አታስቀሪ።»

ነገርኳቸው።

ግቢው ተናወጠ። አጎቴ አደን ከተቀመጠበት ተነሳ። «ከተማው ውስጥ ሞት ቀብሮበታል! የኛ አንሶ!» ብሎ ጮኸ። ወጣቶቹም ተነሱ። ግርማ ካለበት አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ ሆዮ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ጥቁር መነጽሯን እንዳደረገች፣ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ምንጣፎቹ መካከል መጥታ ቆመች። ወጣቶቹ ገለል አሉላት።

«አደን ወንድሜ» አለች በሶማሊኛ። «የዚህ ሰው ወገን ማን ነው ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ነኝ። ከገበያ ጠርቼ ቤቴ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እንግዳዬ ነው። ማግ የምትጠይቁ ከሆነ ከእኔ ጠይቁ።»

አጎቴ «ሳፊያ!» አላት።

«ሙስጠፋ የእኔ ልጅ ነው፤ የእሱን ዋጋ ከአላህ እቀበላለሁ። እኔ ይቅር ብዬዋለሁ። ግን አንድ ነገር አለኝ። የሠራቸውን ቤቶች ሁሉ ከፍቶ ሳይጨርስ ከዚህ ከተማ እግሩን አያነሳም። ሰዎቹ ቋንቋውን ስለማይሰሙት ኢፍራህ አብራው ትዞራለች።»

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። የሟች እህት ነኝና የእኔም ቃል ይፈለጋል። አንዱ «አንቺስ ልጄ?» አለኝ። ራሴን በእሺታ ነቀነቅኩ። እናቴ ቆማ እያየችኝ ሌላ ምን ላድርግ? ራሴ ብቻ ነው የተነቀነቀው። ልቤ እንኳን ይቅር ሊል አጠገቡም አልደረሰም።

የምሠራው ዕቃ ማስተላለፊያ ቢሮ ውስጥ ነው። ለማናጀሬ ስነግረው አንዋል ሊቭሽን፣ የዓመት ፈቃድሽን፣ ውሰጂ አለኝ። ሰው ሊቩን ለሠርግ፣ ለዑምራ ይወስዳል፤ እኔ የሰው ሶኬት ሳስፈታ ጨረስኩት።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እንወጣለን። እኔ ፊት፣ እሱ ከኋላዬ። ባጃጅ ስንይዝ እሱ ከሾፌሩ አጠገብ፣ እኔ ከኋላ። የማናግረው ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። በየበሩ የምናገረው ግን አንድ ዓይነት ነበር፦ «ይህ ሰው እዚህ ቤት ኤሌክትሪክ ሠርቶላችኋል። በሥራው ስህተት ወንድሜ ሞቷል። እናንተም እንዳትጎዱ ከፍቶ ሊያየው ነው የመጣው፤ ምንም አትከፍሉም።» ግርማ ከምለው ሁሉ «ወላልካይ» የምትለዋን ቃል ያውቃታል፤ ወንድሜ ማለት ነው። እሷ ስትደርስ በየበሩ አንገቱን ይደፋል። ይህን በየቀኑ አየዋለሁ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ደስ ይለኝ ነበር።

አንዳንዱ ቤት ያለቅሱልኛል፣ ውሃ ይሰጡኛል። አንዳንዱ ቤት ሌቦች መስለናቸው በሩን ይዘጉብናል፤ በማግስቱ ሽማግሌ ይዘን እንመለሳለን። ኮድቡር ውስጥ አንድ አባወራ ሁሉን ሰምቶኝ ሲያበቃ ግርማን በጥፊ መታው። ግርማ ጉንጩን ይዞ «ብሬከሩ የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። እኔም ያን ተረጎምኩ።

ብዙው ቤት ደህና ሆኖ ተገኘ። ደህና ያልሆነ ቤትም አገኘን። ደህና ያልሆነው ሁልጊዜ የባሰ ቦታ ላይ ነበር፤ ከልብስ ማጠቢያ አጠገብ፣ ውሃ ማሞቂያ የሚሰካበት፣ ሕፃን የሚተኛበት አልጋ ሥር። ግርማ ማጥፊያው ጠፍቶ ቴስተሩ ሲበራ ሲያይ ራሱ ሄዶ ብሬከሩን ያወርደዋል። ያስተካክለዋል፣ ደጋግሞ ይሞክረዋል፣ ለቤቱ እመቤት ቴስተሩን ሰጥቶ ራሷ እንድትሞክረው ያደርጋል። አንድ ቀን ሠርቶ ሲያበቃ «ሙስጠፋ እኮ እናንተ ቤት የሠራሁ ዕለት ሊያግዘኝ መሰላሉን ይዞልኝ...» ሲል ጀመረ። «ሠርተህ ጨርሰሃል?» አልኩት። «ጨርሻለሁ» አለ። «እንሂድ» አልኩት።

በመጨረሻ አንድ ቤት ቀረ። 31 ሜይ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ያለ አሮጌ ቪላ ነው፤ ወደ ቢሮዬ በምሄድበት መንገድ ላይ። ባለቤቶቹ ሎንዶን የሚኖሩ ናቸው። አምና ለእረፍት መጥተው ቤቱን ሲያሳድሱ ግርማን ቀጥረው በየክፍሉ ዲመር አስገብተዋል፤ ሥራው ሲያልቅ ቤቱን ቆልፈው ሄደዋል። ዘበኛውም ለቋል። ጎረቤት የሰጠን የስልክ ቁጥር አይሠራም። በብረት በሩ ሥር ወረቀት አስገባን፤ የሚያነበው ማን ነው? ግርማ በአጥር ልዝለልና ልግባ ብሎ ነበር፣ ጎረቤቶቹ ፖሊስ እንጠራለን አሉ።

አጎቴ አደን እንኳ በዚህ ጊዜ በርዶለት «ይሂድ፣ የቻለውን አድርጓል» አለ። ግርማ አልሄደም። ኤሌክትሪክ የሚያስነካው ሰው ከተማው ውስጥ አልነበረም፤ ስሙን እኔው በገዛ አፌ በየቤቱ አጥፍቼዋለሁ። ከበርበራ የሚመጡ መኪኖች የሚራገፉበት ቦታ ሸክም ጀመረ። በየሳምንቱ ዓርብ እኛ ቤት መጥቶ በር ላይ ሆኖ ሆዮን ይጠይቃታል፣ «ቤቱ ተከፈተ?» ይላታል። እኔ ጓዳ እገባለሁ።

እኔ ደግሞ በየቀኑ በዚያ በር አልፋለሁ። ቁልፉን አያለሁ። ዝገቱ እየበዛ ሲሄድ አያለሁ። ሰውየውን መጥላቴንና ያን በር መጠበቄን አንድ ላይ ይዤ ከረምኩ።

ክረምቱ ገባ፤ ከውጭ የሚመጡት ሰዎች ከተማውን ሞሉት። አንድ ቀን ከቢሮ ስመለስ ቁልፉ የለም። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ግቢው ውስጥ ሻንጣዎች ተከምረዋል። ቀና ስል ከላይ ባለው መስኮት መብራት አየሁ። ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። መብራቱ ቀስ እያለ ይደምቃል፣ ቀስ እያለ ይደበዝዛል፣ ደግሞ ይደምቃል። የሆነ ልጅ ዲመሩን እያዞረ ይጫወታል።

ስልኬን አወጣሁ። ቁጥሩን የያዝኩት ሆዮ ስላስገደደችኝ ነው፤ ደውዬለት አላውቅም። ከአንድ ጊዜ በላይ አልጠራም፣ አነሳው።

«ግርማ» አልኩት። ከሙስጠፋ ቀብር ወዲህ በስሙ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው። «ተከፍቷል። ቶሎ ና።»

ሳላስፈቅድ ገባሁ። የቤቱ እመቤት ኮሪደሩ ላይ አግኝታኝ «ምን ፈልገሽ ነው?» ብላ ጮኸች። «ብሬከሩ የት ነው?» አልኳት። እብድ መሰልኳት፤ እሷ ስትጮህ እኔ አገኘሁትና አወረድኩት። ላይ ቤት ያሉት ልጆች መብራቱ ሲጠፋባቸው ተንጫጩ። ያ ጫጫታ ደስ ሲለኝ! ከዚያ ነገርኳት። እንደ ልማዴ መናገር ጀመርኩና «ወንድሜ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ በየበሩ ያልመጣብኝ እንባ ያን ቀን መጣ። ሴትየዋ ያዘችኝ።

ግርማ ሲመጣ የሸክም ጨርቁ ትከሻው ላይ እንዳለ ነው፤ ከማራገፊያው እየሮጠ ነው የመጣው። ላይ ወጣን። የልጆቹ ክፍል ነበር። እየመሸ ስለነበረ በስልኬ መብራት አበራሁለትና ከፈተው። ቀይና ጥቁር። ብሬከሩን አንስተን ማጥፊያው ጠፍቶ ሞከረው፤ ቴስተሩ በራ። ከሥሩ ያለውም ሶኬት እንደዚያው ነበር፤ አንዱ ልጅ የሆነ የሚበራ መጫወቻ ሰክቶበታል። ግርማ እያንዳንዱን አስተካከለ። የመጨረሻውን ክዳን አጥብቆ ሲያበቃ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በሸክም ጨርቁ ሸፍኖ ሲያለቅስ አጠገቡ ቆምኩ። እጄን ትከሻው ላይ ላድርግ ብዬ ነበር፤ አላደረግኩም። «ሆዮ እየጠበቀችህ ነው፣ ሄደህ ንገራት» አልኩት።

በዚያው ሳምንት ወደ ድሬ ሄደ። ሆዮ መንገዱን መርቃ፣ ስንቅ ቋጥራ ሸኘችው። እኔ መኪናው ድረስ ሄጄ ቦርሳውን አቀበልኩት። ሲሳፈር «ኢፍራህ፣ አንቺስ?» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ለወራት የሰው ሁሉ ቃል በአፌ ሲያልፍ ኖሮ፣ የራሴን ስጠየቅ አጣሁት። «በሰላም ግባ» ነው ያልኩት።

ይቅር ብዬዋለሁ ወይ? እንጃ፣ ወላሂ አላውቅም። አንዳንድ ቀን ያልኩ ይመስለኛል። የሙስጠፋን ሸሚዝ ሳጥን ውስጥ ሳየው ደግሞ ሁሉ ነገር እንደ አዲስ ይነሳብኛል። አምፖል ለመቀየር እንኳ የቤቱን ሁሉ ኃይል አጠፋለሁ። ሆዮ በዚያው ክፍል ነው የምትተኛው፤ ዲመሩን አስወጥተን እንጣለው ስላት እምቢ አለች። ልጇ ያሰበላት ነገር ነው።

ባለፈው ሳምንት ከቢሮ ስመለስ ያ ቪላ በር ላይ መኪና ቆሟል፤ ሻንጣ እየጫኑ ነው። ወደ ሎንዶን ሊመለሱ ነው። መንገዱን ተሻግሬ ሳልሄድ ቆሜ ቀረሁ። ልጆቹ እየተጋፉ አንድ በአንድ ገቡ። ስማቸውን አላውቅም፣ እነሱም አያውቁኝም። በዓይኔ ቆጠርኳቸው።

ቤት ስገባ ሆዮ በደብዛዛው ብርሃን አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። የእግሬን ኮቴ ታውቀዋለች።

«ሄዱ?» አለችኝ፤ ስለ ቪላው ሰዎች በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

«ሄዱ።»

«ልጆቹ ሁሉም?»

«ሁሉም፣ ሆዮ» አልኳት።